አራት ማንኪያ ቅቤ

ሲጋራዬን ተናዝዣለሁ። ጠጅ ቤት የገባሁበትን ቀን፣ እናቴ ላይ የጮኽኩበትን፣ ከአሠሪዬ ጋራዥ ሁለት መፍቻ ደብቄ የወጣሁበትን ሁሉ በጉባኤ ፊት ቆሜ በማይክ ተናግሬያለሁ። ሰው አሜን ብሎልኛል፣ እኔም ወንበሬ ላይ ተመልሼ ላቤን ጠርጌያለሁ። የጋሽ ኤርካሎን ቅቤ ግን ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለልጆቼ አልነገርኩም፣ ለመጋቢያችን አልነገርኩም። አንድ ሰው ብቻ ደርሶበታል፤ ያም ከእኔ አፍ ሰምቶ አይደለም።

ዛሬ ለአንተ የምነግርህ ስለማላውቅህ ነው። ግን አስቀድመን እንነጋገር። ልታዝንልኝ ከሆነ ከአሁኑ ተወው። «ጊዜው ነው፣ ደርግ ነው» ልትለኝ ከሆነም ዝም በል። በእኛ አገር በዚያ ዘመን የተሠራ ክፉ ሥራ ሁሉ ለደርግ ተሰጥቶ አልቋል። ጎረቤቱን ያሳሰረው ደርግ ነው ይላል፣ የወንድሙን መሬት የነጠቀው ደርግ ነው ይላል፣ ሚስቱን የደበደበው ሳይቀር ጊዜው ነው ይላል። እኔ የራሴን አልሰጥም። በእጄ የሠራሁት ነው፤ በትክክል ከተናገርኩ ደግሞ በአውራ ጣቴ።

ሆሳዕና ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዤ ተመልሼ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ከፍቻለሁ። በከተማው ወረቀት ያለው መካኒክ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌሎቹ እያዩ የለመዱ ናቸው። ወረቀቱን በመስታወት አስገብቼ ደንበኛ እንዲያየው በሩ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ከዚህ ገምት።

ጋሽ ኤርካሎ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እንሰት የከበበው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ስድሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ቀርቶ ወፍጮ የከፈተ አንድ ጣሊያን ነበር፤ የሱ ሾፌር ሆነው ሠርተዋል። ጣሊያኑ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ መኪናውን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ጥቁር ሚሌቼንቶ፣ አራት በር፣ አራት ሲሊንደር ያላት የቤት መኪና ናት። ሚስታቸውን እትዬ በየነችን ከዱራሜ ያመጧቸው በእሷ ነው። በጋ ነበር፤ ሚዜዎቹ ዳገት ዳገቱን እየገፉ፣ ሙሽራዋ ከውስጥ «እኔም ልውረድና ልግፋ» እያሉ፣ አንጋጫን አልፈው ሆሳዕና ገቡ ይባላል። አገሩ ሁሉ ያወራው ነበር።

ከዚያ ለመልስ ወደ ሙሽራዋ ቤተሰብ ሊሄዱ ሲነሱ፣ መኪናዋ የግቢውን በር ሳትወጣ ፍሪሲዮኗ ተቃጠለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ንቅንቅ አይልም። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ሙሽሮቹ ለመልስ በበቅሎ ሄዱ። ጋሽ ኤርካሎ በቅሎዋ ላይ ሆነው «በየነች፣ ዱራሜ በመኪናዬ ነው የምመልስሽ፤ ይሄ አይቆጠርም» አሉ። ቀልድ ነው የመሰላቸው እትዬ በየነች። እሳቸው ግን የተናገሩትን ቃል የማይረሱ ሰው ነበሩ።

መኪናዋን አራት ግንድ ላይ አስቀመጧት። ጎማዎቹን አውልቀው ቆጥ ላይ ሰቀሉ። ዳስ ሠሩላት፣ በሰሌንና በደረቅ የእንሰት ቅጠል ሸፈኗት። ይሄን ማንም ያደርገዋል። የሚቀጥለውን ግን ከእሳቸው በቀር ያደረገ አላየሁም፣ አልሰማሁም።

የሞተር ዘይት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ጋሽ ኤርካሎ የሚያውቁት ማቆያ ደግሞ አንድ ነው። ቆዳ እንዳይደርቅ ቅቤ ይቀባል። የእንጨት ገበታ እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ይቀባል። ሰው ራሱን ሲያመው አናቱን ቅቤ ይቀባል። ታዲያ ሞተር ምን አጠፋ? በየዓመቱ ለመስቀል፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አታካና ቀርቦ ሰው እጁን ከመስደዱ በፊት፣ እትዬ በየነች በእጃቸው ያነጠሩትን ቅቤ ለብ አድርገው በሳህን ያመጣሉ። ጨው የለበትም፤ ኮረሪማና ኮሰረት ግን አለበት። ጋሽ ኤርካሎ አራቱን ካንዴላ ይፈታሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ አንድ ማንኪያ ያፈስሳሉ፤ ማኖቬላውን ከፊት ሰክተው ሞተሩን ያዞራሉ፤ ካንዴላውን መልሰው ያጠብቃሉ። ከዚያ «እሷ በልታለች፣ እኛም እንብላ» ይላሉ። ሃያ ሰባት መስቀል! ጸሎት ቤታችን ታሽጎ እሳቸው በታሰሩበት ዓመት እንኳን እትዬ በየነች ራሳቸው ካንዴላ ፈትተው አፍስሰዋል።

የታሰሩበትን ነገር ልንገርህ፣ በኋላ ያስፈልግሃል። ቤታቸው ሰው ለጸሎት ይሰበሰባል ተብሎ ነው የተያዙት። መርማሪው «እሁድ ሰው ሰብስበሃል?» ብሎ ጠየቃቸው። «አዎ።» «ዳግመኛ ትሰበስባለህ?» «ለእሁድ ስንት ቀን ቀረው?» አሉት። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ውሸት አያውቁበትም።

እንግዲህ አንድ ቀን ጋራዤ ደጃፍ ላይ ሰው በተሰበሰበበት ጋሽ ኤርካሎ ስለ ቅቤያቸው ሲያወሩ ጣልቃ ገባሁ። «ጋሼ፣ ሞተር ወጥ አይደለም» አልኩ። ሳይንሱን ዘረዘርኩ፣ ግሪስ ነው፣ ዘይት ነው፣ ሙቀት ነው አልኩ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝና ወደ ሰቀልኩት ወረቀት አዩ። «ልጄ፣ ያንተ ወረቀት ከመስታወት ውስጥ ወጥቶ ሃያ ሰባት ዓመት ዝናብ ይችላል? የኔ ቅቤ ይችላል» አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ክፋት አልነበረባቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ስሜ «ወረቀት» ሆነ። «ወረቀት አለ?» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ነበረኝ። እሳቸው ረሱት፣ እኔ አልረሳሁትም።

ወሬው ከዚያው ደጃፍ ተነስቶ የአውራጃው ካድሬ ጆሮ ገባ። የአብዮት በዓል ሊደርስ ነው። ሰውየው ጋራዤ ድረስ መጣ። «ጓድ መካኒክ፣ ያቺ የጣሊያን መኪና ትነሳለች አትነሳም? አርብ በጽሑፍ እፈልጋለሁ። የምትነሳ ከሆነ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ትወረሳለች» አለኝ። ሰፊው ሕዝብ ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ በሳምንቱ ሾኔ ገበያ ሲነዳት ልናየው ነው። እሺ ጓድ ብዬ ሸኘሁት።

ሄድኩ። ጋሽ ኤርካሎ የመጣሁት ልጠግናት መሰላቸው። ደስ አላቸው፣ ሰሌኑን ራሳቸው ገለጡ፣ ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ። «ጋሼ፣ ማኖቬላውን ያዙሩልኝ» አልኩና አውራ ጣቴን የመጀመሪያው ሲሊንደር ቀዳዳ ላይ ደፈንኩ። ይህ ማንም መካኒክ የሚያደርገው ነው፤ ሞተሩ እስትንፋስ ካለው ጣትህን ይገፋዋል፣ ከሞተ ዝም ይላል።

አዞሩ። ገፋኝ። ሁለተኛውም ገፋኝ፣ ሦስተኛውም ገፋኝ። አራተኛው ጣቴን ወርውሮ ጣለው። በባትሪ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ስስ ቢጫ ቅባት አለ፣ ከሥሩ ብረቱ ያበራል። ቅንጣት ዝገት የለም። እኔ በዘይት አሽገን ያስቀመጥናቸው ሞተሮች በሦስት ዓመት ዝገው አልዞር ሲሉ አይቻለሁ። ይህ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቶ እንደ ጎረምሳ ይተነፍሳል።

ምን ተሰማህ በለኝ። ደስታ? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ የሙያዬ ተአምር ፊቴ ቆሟል። እኔ ተናደድኩ! ያ ሁሉ የተማርኩት፣ ያ የሰቀልኩት ወረቀት፣ በአንዲት ሴት ቅቤ ተረታ። ከፊት ለፊት ማኖቬላውን እንደያዙ፣ ላባቸው እየወረደ፣ «እንዴት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሞታለች» አልኩ። «ቅቤው በልቷታል ጋሼ። አሲድ ሆኗል፣ ፒስተኑን በልቶ ጨርሶታል። ባዶ ይዞራል እንጂ እስትንፋስ የለውም። ሳትነኳት ብትተዋት ኖሮ ትተርፍ ነበር።»

ሳትነኳት ብትተዋት ኖሮ። ይህችን ማን ጠየቀኝ? ማን አስገደደኝ?

ጋሽ ኤርካሎ ማኖቬላውን ለቀቁና «እስቲ አንተ አዙር፣ እኔ ጣቴን ላድርግ» አሉ። ለሃያ ሰባት ዓመት ጣት ማድረግን አያውቁትም ነበር፤ ከእኔ አይተው በዚያች ደቂቃ ተማሩ። ቢያደርጉ ኖሮ ያበቃልኝ ነበር። «ይሄ የተማረ ጣት ይፈልጋል ጋሼ» አልኳቸው። እጃቸውን መለሱ።

እትዬ በየነችን ጠሩ። «በየነች፣ ቅቤያችን ነው የገደላት» አሏቸው በሀዲይኛ። እትዬ በየነች «የኔ ቅቤ?» ብለው እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ እድፍ እንዳለበት ሁሉ ደጋግመው ጠረጉ። ጋሽ ኤርካሎ ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ቀን በሰው ፊት ስቄብሃለሁ። ልክ የነበርከው አንተ ነህ፤ ይቅር በለኝ። ለመለዋወጫ ከሆነችህ መኪናዋ ያንተ ናት» አሉኝ። ይቅርታውን ተቀበልኩ። መኪናዋንም ተቀበልኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ፣ ታምናለህ?

አርብ ለካድሬው «ከአገልግሎት ውጭ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እዚህ ላይ ስማኝ። በዚያ ወረቀት አልጸጸትም። ዛሬም ያ ሰውዬ ቢመጣ መልሼ እፈርምለታለሁ፤ በሁለት ቅጂ እፈርምለታለሁ። እሱን መዋሸት ይገባ ነበር። ለጋሽ ኤርካሎም እውነቱን ብነግር ሲጠየቁ ያወጡት ነበር፤ «ትነሳለች» ብለው ራሳቸው ቢሮ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ እሳቸውንም መዋሸት ነበረብኝ ልልህ እችላለሁ። ለራሴ ብዙ ዓመት እንዲህ እያልኩ ተኝቻለሁ።

ግን ስንት ውሸት ነበረ! ሲሊንደሩ ተሰንጥቋል ማለት ነበረ። ጣሊያኑ ሲሄድ አበላሽቷት ነው ማለት ነበረ፤ ጣሊያኑ አይሰማ፣ አይቀየም። ካርቡራቶሩ ነው፣ የእድሜ ነው፣ የእግዜር ነው ማለት ነበረ። ከዚያ ሁሉ ውሸት መርጬ፣ አስቤ፣ ቅቤውን አነሳሁ። ቅቤው እንደሚያማቸው ስለማውቅ ነው ያነሳሁት። ይህን ካድሬው አላዘዘኝም፣ ደርግም አላዘዘኝም።

በመስከረም መስቀል መጣ። አታካናው ቀረበ። ጋሽ ኤርካሎ ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው «ለእኔ ቆጮ በጎመን ስጡኝ» አሉ። የሀዲያ ሰው፣ በመስቀል፣ ቅቤ አልበላም አለ! ሰው ታመሙ ብሎ ደነገጠ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ተጠርቼ፣ በክብር ተቀምጬ፣ ቅቤው በጣቶቼ መካከል እየፈሰሰ እየበላሁ ነበር። በዓመቱም እንዲሁ ገፉት። እትዬ በየነችም እንግዳ ካልመጣ ቅቤ ማንጠር ተዉ።

ካድሬው እኮ ገና በአራተኛ ወሩ ተዛውሮ ሄዷል። ከሄደ በኋላ ምን ያዘህ በለኛ! በየእሁዱ በስውር ጸሎት ላይ አጠገባቸው ነበር የምቀመጠው። ጎንበስ ብዬ «ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ፣ ቅቤው አድኗታል» ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። አላልኩም። ፈርቼ ይመስልሃል? አይደለም። ተመችቶኝ ነው። «ወረቀት» የሚል ስም ከከተማው ጠፍቶ ነበር። እሳቸው ራሳቸው «እሱ ባለሙያ ነው፣ እኔ ሳልሰማው ቀርቼ ነው የተጎዳሁት» እያሉ ሰው ይልኩልኝ ነበር። አሸንፌ ነበር፣ ማሸነፉ ጣፈጠኝ።

ይልቅ ሌላ ነገር አደረግሁ። መኪናዋ እዚያው ዳሷ ውስጥ እንደቆመች፣ ፍሪሲዮኑን አንድ ቀን ለመለዋወጫ ነው ብዬ ፈትቼ ወደ ጋራዤ ወሰድኩ። የከባድ መኪና የፍሬን ሸራ ቆርጬ፣ በልኩ ሞርጄ፣ በሪቬት ሚስማር መትቼ አዲስ አደረግሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ ከመደርደሪያው በላይ አስቀመጥኩት። አንድ ዓመት ተቀመጠ። ምን ስጠብቅ ነበር? ሞታቸውን ስጠብቅ ነበር? አዎ። ይኸው አልኩት፤ አዎ።

በክረምት ጋሽ ኤርካሎ ደረታቸውን አሟቸው ሞቱ። እዚያው ግቢያቸው፣ ከእንሰቱ ጀርባ ተቀበሩ። ከመኪናዋ ዳስ እስከ መቃብሩ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከቀባሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሁለት ወር ቆይቼ «ያቺን ቁርጥራጭ ልውሰድ እትዬ» ብዬ ሄድኩ። «ያንተው ናት» አሉኝና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ፍሪሲዮኑን ገጠምኩ። ጎማ አስገባሁ፣ ባትሪ አሰርኩ፣ ቤንዚን በጎማ ቱቦ ወደ ካርቡራቶሩ ሳብኩ። ልጆች ጠርቼ አስገፍቼ ከግቢው ላወጣት እችል ነበር። ርቄ ሄጄ፣ ማንም ሳያየኝ ላስነሳት እችል ነበር። እጄ አላስቻለኝም። ማኖቬላውን እዚያው ሰካሁ።

በሦስተኛው ተነሳች። ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ድምጿ ተስተካከለ። ከጭስ ማውጫዋ ነጭ ጭስ ተንቦለቦለ፤ ሽታው የዘይት አይደለም። ኮረሪማ ነው፣ ኮሰረት ነው፣ እሳት ላይ የተጣደ ቅቤ ነው። ግቢው ሞላ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት «በየነች፣ ምን እያነጠርሽ ነው?» ብላ ጮኸች።

እትዬ በየነች ከደጃፉ ተነሱ። ቀስ ብለው መጥተው መዳፋቸውን ጭሱ ላይ ዘረጉ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ አሸተቱ። የገዛ ቅቤያቸውን የማያውቅ ማን አለ? እጃቸውን አዩት፤ ያን ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ገዳይ እጅ ያዩትን እጅ። ከዚያ ሞተሩን ሰሙ። ከዚያ ወደ እንሰቱ ጀርባ ዞረው አዩ።

እትዬ በየነች ከልጅነቴ ጀምሮ በሀዲይኛ ነበር የሚያናግሩኝ፣ አንተ እያሉ፣ ልጄ እያሉ። አማርኛ ለቢሮ ሰውና ለእንግዳ ነው። ያን ቀን ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው፣ በአማርኛ፣ አንቱ ብለው፣ «እሱ ድምጿን ሳይሰማ ቀረ፤ እርስዎ አስነሷት» አሉኝ።

አልጮኹም፣ አልረገሙኝም፣ ለአንድም ሰው አላወሩብኝም። ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። ምን ጠብቀህ ነበር? ትቼላቸው፣ አልቅሼ፣ በጉልበቴ ወድቄ? ይዤ ወጣሁ፤ የከተማው ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አጨበጨበልኝ።

በዓመቱ በጋ አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ደጃፋቸው አቆምኳት። የኋላውን በር ከፍቼ «እትዬ፣ ዱራሜ ላድርስዎት» አልኩ። ከተቀመጡበት አልተነሱም። «ቃል የገቡልኝ እርስዎ አይደሉም» አሉኝ። እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ አንቱ እንዳሉኝ ቀሩ።

መኪናዋ ዛሬም አለችኝ፣ አርጅታ ቆማለች። አንዳንድ ወጣቶች ፎቶ ሊያነሷት ይመጣሉ፣ እንዴት እንዳስነሳኋት ይጠይቁኛል። ዘይት ነው፣ ትዕግሥት ነው እያልኩ ስዋሽ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ ቅቤ ነው እላቸዋለሁ፤ የእትዬ በየነች ቅቤ፣ በጋሽ ኤርካሎ እጅ፣ በየመስቀሉ አራት ማንኪያ። ያኔ ይሳቁብኝ፣ ወረቀትም ይበሉኝ።

እንግዲህ ሰማህ። ፍርድ ካለህ ፍረድ፣ አልከራከርህም። ይቅርታ ግን አልጠይቅህም፤ ቅቤው ያንተ አልነበረም።